ከመፈረምሽ በፊት፤ የልጇ በሽታ ስም ላልተገኘለት እናት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ሐኪሙ ለልጅሽ የዘረመል ምርመራ ይታዘዝለት ብሎሻል፤ አንቺም እሺ ልበል አልበል እያልሽ ታመነቻለሽ። እሺ በዪ። ነገር ግን እንደ ተራ የደም ምርመራ ናሙና ሰጥተሽ ውጤቱን በስልክ የምትጠብቂው ነገር አድርገሽ አትዪው። እዚህ አሜሪካ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ረጅም ዘመን ስሠራ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ከዚህ ምርመራ የበለጠ የሚጠቀሙት ከናሙናው በፊትና ከውጤቱ በኋላ ያለውን ሥራ የራሳቸው ያደረጉ ቤተሰቦች ናቸው። የምጽፍልሽም ስለዚያ ሥራ ነው።

የልጅሽ ዓይነቱ መንከራተት የብዙ ሰው ነው። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱን ዘግይቶ ያቀናል፣ እኩዮቹ ሲናገሩ እሱ ዝም ይላል። ኤምአርአይው ደህና ነው ይባላል፣ ደሙም ደህና ነው ይባላል፤ ከአንዱ ስፔሻሊስት ወደ ሌላው ይላካል። እምብዛም የማይታይ በሽታ ያለበት ሰው የበሽታውን ስም እስኪያገኝ በአማካይ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። አውሮፓውያን «እምብዛም የማይታይ» የሚሉት ከ2,000 ሰው ከአንድ በታች የሚይዘውን በሽታ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ሰው ቢይዝም፣ ዓይነቱ ከ6,000 በላይ ስለሆነ በዓለም ላይ 300 ሚሊዮን ያህል ሰው ከአንዱ ጋር እንደሚኖር ይገመታል። አብዛኞቹ ከዘረመል የሚመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹም በልጅነት ይጀምራሉ።

1. ቤት ቁጠሪ።

አያቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። የዘረመል ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እንዲህ ያለውን ቆጠራ ነው፤ እሱ ሦስት ትውልድ ይበቃዋል። ቀጠሮው ሳይደርስ አገር ቤት ደውዪ። እናትሽን፣ አማትሽን፣ በተለይም የዘመድ አዝማዱን ታሪክ የምታውቀውን ትልቋን አክስት አነጋግሪ። በሕፃንነቱ የሞተ አለ ወይ? ስንት ወር ሲሆነው? የሞቱት ወንዶች ብቻ ናቸው ወይስ ሴቶችም አሉ? ፅንስ ደጋግሞ የወረዳት አለች? የሚጥል በሽታ የነበረበት፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ዓይኑ በወጣትነቱ የጠፋ፣ ሲራመድ እየወደቀ በመጨረሻ ከአልጋ የዋለ፣ ጤነኛ መስሎ ሳለ ድንገት የሞተ ጎረምሳ?

እነዚህ ጥያቄዎች ሰው ቤት ውስጥ የተዳፈነ ነገር ይነካሉና በለዘብታ ጠይቂ። አክስትሽ «ቡዳ በላው» ብትልሽ አትከራከሪያት። «ከመሞቱ በፊት ምን አየሽበት?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ያየችውን በዝርዝር ትነግርሻለች፤ ሐኪሙ የሚፈልገውም እሱን ነው። በእናት ወገን ያሉ ወንዶች ብቻ የታመሙ ከሆነ ሐሳቡ ወዲያው ወደ ኤክስ ክሮሞዞም ይሄዳል፤ ዱሼን የሚባለው የጡንቻ በሽታ የሚተላለፈው በዚያ መንገድ ነው። የተዛመዱ ባልና ሚስት ካሉም አትደብቂ፤ ፍለጋው የሚጀመርበትን ቦታ ይለውጠዋል።

ልጁ ሲንቀጠቀጥ በስልክሽ ቅረጪው። ያንቺንና የአባቱንም የሕፃንነት ፎቶ አስልኪ። የዘረመል ሐኪሞች የግንባር ስፋት፣ የጆሮ አቀማመጥ፣ የጣት ርዝመት ያያሉ፤ ልጁ ቤተሰቡን መምሰሉን ወይም አለመምሰሉን ከፎቶው ይለያሉ።

2. የታዘዘውን ምርመራ ስሙን ጠይቂ።

«የዘረመል ምርመራ» የሚባል አንድ ነገር የለም። «ተመርምሯል፣ ምንም የለበትም» የተባለ ልጅ ምናልባት የተመረመረው ክሮሞዞሙ ብቻ ይሆናል። ካርዮታይፕ ክሮሞዞሞቹን ይቆጥራል፤ 46 መሆናቸውን፣ ትልቅ ቁራጭ መጉደሉን ወይም መዛወሩን ያሳያል። ማይክሮአሬይ ከዚያ ያነሱትን ጉድለቶችና ጭማሪዎች ያያል። ፓነል የሚባለው ሐኪሙ የጠረጠራቸውን ጂኖች፣ ለምሳሌ ከሚጥል በሽታ ጋር የተያያዙትን በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖች፣ ፊደል በፊደል ያነባል። ኤክሶም ደግሞ 20,000 ያህሉን ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች አንድ ላይ ያነባል። ይህ ከጠቅላላው ዲኤንኤ ከመቶ ሁለት እጅ አይበልጥም፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ከታወቁት በሽታ አምጪ ለውጦች አብዛኞቹ የተገኙት እዚያ ውስጥ ነው። ጂኖም ሲባል ሦስት ቢሊዮኑን ፊደል በሙሉ ማለት ነው።

ኤክሶም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ለብዙ ሰው ግልጽ ያደረገው የአንድ የዊስኮንሲን ልጅ ታሪክ ነው። አንጀቱ እየተበሳ፣ የበላው ሁሉ ጠላት እየሆነበት፣ ከመቶ ጊዜ በላይ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባ ትንሽ ልጅ ነበር። ሐኪሞቹ የሚያውቋቸውን ጂኖች አንድ በአንድ ሞክረው ሲያጡ ኤክሶሙን በሙሉ አነበቡት። ኤክስአይኤፒ በሚባል ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኘች፤ ያ ጂን ከእንዲህ ያለ የአንጀት በሽታ ጋር ተያይዞ አይታወቅም ነበር። መነሻው የሰውነቱ መከላከያ መሆኑ ሲገባቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ከእትብት ደም የተወሰደ ሴል ተከሉለት፤ ልጁም ምግብ በላ። ይህን ታሪክ የዘገበው የሚልዋኪ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2011 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶበታል።

ሆኖም ኤክሶም የማያያቸው ነገሮች አሉ፤ «ይህ ምርመራ የማያየው ምንድን ነው?» ብለሽ መጠየቅ ያለብሽም ለዚህ ነው። ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው፣ በተለይ ወንዶች ልጆችን በንግግርና በትምህርት ወደ ኋላ የሚያስቀር ችግር፣ ሦስት ፊደሎች ከ200 ጊዜ በላይ ሲደጋገሙ የሚመጣ ነው፤ የራሱ ምርመራ አለው። ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የሚባለው የጡንቻ መልፈስፈስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤስኤምኤን1 በሚባለው ጂን ላይ ለብቻው በሚደረግ ምርመራ ነው። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤም በተለየ መንገድ ይነበባል።

ሰውነቱ ሲፈጠር ጉድለት ላለበት ወይም እድገቱ ለዘገየ ልጅ ኤክሶም ወይም ጂኖም በመጀመሪያው አለዚያም በሁለተኛው ዙር እንዲታዘዝ የአሜሪካ የሕክምና ዘረመል ባለሙያዎች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 መክሯል። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ካለ ሐኪሙ ይግባኝ ይጻፍልሽ፤ ደብዳቤውም ይህን ይጥቀስ። ልጁ ኢንቴንሲቭ ኬር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፈጣን የጂኖም ምርመራ እንዳለ ጠይቂ፤ የመጀመሪያውን የሰው ጂኖም ለማንበብ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2003 ድረስ 13 ዓመት የፈጀው ሥራ ዛሬ ለታመመ ሕፃን በቀናት ይጠናቀቃል።

በኢንተርኔት ገዝተሽ ምራቅ የምትልኪበት የዘር ሐረግ ምርመራ ግን ይህን አይተካም። ከእንዲህ ዓይነቱ ጥሬ መረጃ የተገኙ «በሽታ አምጪ» ለውጦች እ.ኤ.አ. በ2018 በሕክምና ላቦራቶሪ እንደገና ሲታዩ ከመቶው 40ው ጭራሽ ያልነበሩ ሆነው ተገኝተዋል። እንዲያ ባለ ወረቀት አትደንግጪ፤ እንዲያ ባለ ወረቀትም አትጽናኚ።

3. አባትየውም ይመርመር።

የልጁ ዲኤንኤ ብቻውን ሲነበብ ላቦራቶሪው ብዙ አጠራጣሪ ለውጦች ያገኛል። የእናትና የአባቱ አብሮ ሲነበብ ከጤነኛ ወላጅ የወረሳቸው ይለያሉ፤ በእሱ ላይ አዲስ የመጡትም ይወጣሉ። የሦስቱ አብሮ መመርመር መልስ የማግኘትን ዕድል በግልጽ ይጨምራል። ባልሽ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ከሆነና ቪዛው ካልደረሰ ይህን ምርመራውን ለምታስረዳሽ የዘረመል አማካሪ ንገሪያት። ናሙናው በምራቅ ሊሰጥ ይችል እንደሆነ፣ ካልሆነም በአንቺና በልጁ ብቻ ተጀምሮ የእሱ በኋላ ይጨመር እንደሆነ ትነግርሻለች።

ወገኖቻችን ዲኤንኤ ሲባል የሚያስቡት ኤምባሲውን እንደሆነ አውቃለሁ። ቤተሰብ ለማምጣት ዝምድና የተፈተነበት ቤት ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም ከዚያ የመጣ ነው። የኤምባሲው ምርመራ ጥቂት ነጥቦችን አመሳክሮ ዝምድናን ያረጋግጣል። የሆስፒታሉ ምርመራ በሽታ ይፈልጋል፤ ውጤቱም የሕክምና ማህደር አካል ስለሆነ በጤና ምስጢር ሕግ የተጠበቀ ነው። ሆኖም ሦስቱ አብረው ሲመረመሩ ልጁ የአባቱ መሆን አለመሆኑ ለላቦራቶሪው ይታያል። በዚህ በኩል የምትፈሪው ነገር ካለ ከመፈረምሽ በፊት አማካሪዋን ለብቻዋ አነጋግሪያት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምታ የምታውቅ ባለሙያ ናት፤ አትፈርድብሽም፤ ምን ተጽፎ ለማን እንደሚነገርም አስቀድማ ታስረዳሻለች።

4. በደለኛ አትፈልጊ።

ይህን ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ ከበሽታው ይልቅ በዚህ የፈረሰ ትዳር አይቻለሁና። አማት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ትላለች፤ ባል ዝም ይላል፤ እናትየው በእርግዝናዋ የበላችውንና የጠጣችውን፣ የተቆጣችበትን ቀን ሳይቀር ስትቆጥር ታድራለች።

እያንዳንዱ ሰው ሲወለድ በእናቱም በአባቱም ያልነበሩ 60 ወይም 70 ያህል አዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል። አንቺም ይዘሻል፣ አማትሽም ይዛለች። አብዛኞቹ ምንም በማይጎዳ ቦታ ላይ ያርፋሉ። አንዳንዴ ግን አንዱ ለአንጎል ወይም ለልብ እድገት በሚያስፈልግ ጂን መካከል ይወድቃል። በብሪታንያና በአየርላንድ ከ13,000 በላይ ልጆች፣ አብዛኞቹ ከወላጆቻቸው ጋር፣ የተመረመሩበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አለ። ከልጆቹ ከመቶ 41 ያህሉ መልስ አገኙ፤ መልስ ካገኙት ውስጥ ደግሞ ከአራት ሦስቱ ያህል በሽታቸው የመጣው እንዲህ ባለ አዲስ ለውጥ ነበር። የማንም ዘር አላመጣውም። እርግጥ ዘመዳሞች በብዛት በሚጋቡበት ሕዝብ ውስጥ ይህ ድርሻ ያንሳል።

ሌላው መንገድ ሁለቱም ወላጆች በአንድ ጂን ላይ አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው፣ ራሳቸው ጤነኛ ሆነው፣ ልጁ ሁለቱንም ሲወርስ ነው። ተሸካሚ የሚሏቸው እንዲህ ያሉትን ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ዘመዳሞች ከአንድ ቅድመ አያት አንድ ዓይነት ቅጂ የመውረስ ዕድላቸው ሰፊ ነውና። ቢሆንም ሁላችንም የየራሳችንን ጥቂት የተበላሹ ቅጂዎች ስለምንሸከም፣ ቤት ተቆጥሮ የተጋቡ ሁለት ሰዎችም ሊገጣጠሙ ይችላሉ።

ይህ ልዩነት ለሚቀጥለው እርግዝና ትልቅ ትርጉም አለው። ለውጡ በልጁ ላይ አዲስ የመጣ ከሆነ በሚቀጥለው ልጅ ላይ የመድገሙ ዕድል ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ ያህል ነው። ሁለታችሁም ተሸካሚ ከሆናችሁ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ነው። ይህን ማወቅ አንድ ነገር እንድታደርጊ አያስገድድሽም፤ ከባልሽና ከንስሐ አባትሽ ጋር የምትመክሪው ራስሽ ነሽ። ሳታውቂ ከምትመክሪ ግን አውቀሽ ምከሪ። ያላገባች እህት ካለሽና ሰዉ «በዘራቸው አለባቸው» ማለት ከጀመረ ውጤቱን ይዘሽ አማካሪዋን ጠይቂያት፤ ለእህትሽ የሚያሰጋ ነገር የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው።

5. ቅጹ ላይ «ተጨማሪ ግኝት» የሚለውን ሳትረጂ አትፈርሚ።

ኤክሶም ሲነበብ ካልተጠየቀው ቦታ ሌላ ነገር ሊወጣ ይችላል፤ ለምሳሌ የጡት ካንሰር ሥጋትን የሚያበዛው ቢአርሲኤ1 ወይም ድንገተኛ የልብ ሞት የሚያመጣ ለውጥ። አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል የተባሉት እነዚህ ጂኖች ዛሬ ከ80 በላይ ናቸው። ይነገረኝ ወይም አይነገረኝ ማለት ያንቺ መብት ነው። ልጁ ላይ የሚገኝ እንዲህ ያለ ነገር ከአንቺ ወይም ከአባቱ የተወረሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለታችሁ ቤታችሁ ተነጋግራችሁ ግቡ።

ጂና በመባል የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ2008 የአሜሪካ ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘረመል ውጤት ምክንያት እንዳይጎዱሽ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም። ለራስሽ የሕይወት ኢንሹራንስ የመግባት ሐሳብ ካለሽ ቅደም ተከተሉን አስቢበት።

6. ትልቋን ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ።

የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የ12 ዓመት ልጅ የወንድሟን ዕጣ ከሐኪም አፍ ተቀብላ ለእናቷ እንድትናገር ማድረግ ግፍ ነው። እንግሊዝኛሽ ለሥራ የሚበቃ ቢሆንም ለዚህ ቀን አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ዘረመል በአፍ መፍቻ ቋንቋም ከባድ ነው።

7. ወረቀቱን ራስሽ ያዢው፤ ሦስት ዓይነት መልስ እንዳለም እወቂ።

ከላቦራቶሪ የወጣውን ሙሉ ሪፖርት ቅጂ የማግኘት መብት አለሽ። የሐኪሙ ማጠቃለያ አይበቃም፤ ወደፊት ሌላ ሐኪም የሚፈልገው የጂኑን ስም፣ የለውጡን ትክክለኛ አጻጻፍና የምርመራውን ቀን ነው።

መልሱ «ተገኝቷል»፣ «አልተገኘም» ወይም «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ የሚያምሰው ሦስተኛው ነው። ለምን እንደሚመጣ ልንገርሽ። አንድ ሰው ለማመሳከሪያ ከተያዘው ጂኖም ከአራት እስከ አምስት ሚሊዮን በሚሆን ቦታ ይለያል። ላቦራቶሪው ይህን ሁሉ እንደ ጤፍ በወንፊት ይነፋዋል። ወንፊቱ የተሠራው ከሌሎች ሰዎች ዲኤንኤ ነው፤ አንድ ለውጥ በብዙ ጤነኞች ላይ ከታየ ሰበብ ሊሆን አይችልም ተብሎ ይጣላል። ኖማድ የሚባለው ትልቁ የመረጃ ማከማቻ የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። ችግሩ በነዚህ ማከማቻዎች ውስጥ ከአውሮፓ የመነጩ ሰዎች እጅግ መብዛታቸው ነው። አፍሪካውያን ከሁሉም ሕዝብ የበለጠ የዘረመል ልዩነት አለን፤ በማከማቻው ውስጥ ግን ጥቂት ነን። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የተለመደ፣ ማንንም የማይጎዳ ለውጥ እንደ ብርቅ ሆኖ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ችግር አይደለም። የልብ ጡንቻን የሚያወፍር በሽታ ያመጣሉ ተብለው የተመዘገቡ አንዳንድ ለውጦች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመዱና የማይጎዱ ሆነው መገኘታቸውን የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አሳይተዋል። በዚያ የተሳሳተ ምድብ ምክንያት በሽታ አለባችሁ የተባሉ ሰዎች ነበሩ። ገና ከመጀመሪያው ጥቂት ጥቁሮች እንኳ በጥናቱ ቢካተቱ ስህተቱ ሊታይ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ለሐኪምሽ የምትነግሪው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ጂን ተደርቦ ተገኝቶባቸዋል። ይህ ጂን ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ የተደረበበት ሰው በፍጥነት ስለሚለውጠው መድኃኒቱ ለልጅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከአውሮፓውያን በተወሰደ ልክ ብቻ ልንለካ እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ «ትርጉሙ ያልታወቀ» ሲባል አለ ማለትም የለም ማለትም አይደለም። በእሱ ተመርኩዘሽ መድኃኒት አታስለውጪ፣ ስለ እርግዝናም አትወስኚ፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስበሽም አትንገሪ። ያንቺና የባልሽ ናሙና ካልተመረመረ ይመርመር፤ ለውጡ በጤነኛ ወላጅ ወይም አያት ላይ ከተገኘ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል። ቅጹ ላይ ውጤቱ ያለ ስም ለሌሎች ላቦራቶሪዎች ይጋራ ወይ የሚል ጥያቄ ካለ ደግሞ ይጋራ በዪ። ነገ የሚመጣው የእኛ ሰው ልጅ የሚነፋበት ወንፊት ካንቺ ልጅም ይሠራል።

8. ስም ከተገኘ «ምን ይለወጣል?» ብለሽ ጠይቂ።

ለአብዛኞቹ በሽታዎች እስከ ዛሬ የራሳቸው መድኃኒት የለም፤ ይህን አልደብቅሽም። አንዳንዱ ስም ግን በማግስቱ ሕክምናውን ይለውጣል። ኤስሲኤን1ኤ በሚባል ጂን የሚመጣው ድራቬ የተባለው የሚጥል በሽታ ከሆነ፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን ሊያባብሱት ስለሚችሉ ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ በቫይታሚን ቢ6 ብቻ የሚገታ። ግሉኮስ ወደ አንጎል የማይሻገርበት ግሉት1 የሚባለው ችግር የሚታከመው ኬቶጀኒክ በተባለ ቅባት የበዛበት አመጋገብ ነው። ለእኛ ቤት ይህ ከባድ ነው፤ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ዳቦው፣ ቆሎው ሁሉ ይቀራል ማለት ነውና። ያለ ሐኪምና ያለ ምግብ ባለሙያ አይሞከርም፤ አያት ተደብቃ የምታጎርሰው አንድ ጉርሻ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ አያት ክሊኒኩ ድረስ መጥታ ከባለሙያው አፍ ትስማ። ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መድኃኒት አለው፤ ከ2019 ጀምሮም ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠየቅበት የጂን ሕክምና አለው፤ ሁለቱም ይበልጥ የሚሠሩት ጡንቻው ሳይዳከም ሲጀመሩ ነው። መድኃኒት የሌለው ስም እንኳ ልብን ወይም ኩላሊትን መቼ ማስመርመር እንደሚገባ ይናገራል፤ ተመሳሳይ ልጅ ያላቸውን ወላጆችም ያገናኛል።

ጸበል ልውሰደው ብትዪ አልከለክልሽም፤ እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን አታቋርጪ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። ለልጅሽም እንደዚያው ይሁን።

9. «አልተገኘም» ከተባልሽ የሚቀጥለውን ቀን አስጽፊ።

ከግማሽ የሚበልጡት ቤተሰቦች በመጀመሪያው ዙር መልስ አያገኙም። ይህ ማለት ሰበቡ ዘረመል አይደለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 አርኤንዩ4-2 በሚባል፣ ፕሮቲን በማይሠራ ትንሽ ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ በብዙ አገር ላሉ፣ እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ሰበብ መሆኑ ታወቀ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ኤክሶማቸው ተነቦ ምንም አልተገኘም ተብለው ነበር፤ ኤክሶም በተለምዶ ያንን ቦታ አያነብምና። የእንግሊዝ የ100,000 ጂኖሞች ፕሮጀክት ያከማቸው ሙሉ ጂኖም እንደገና ባይፈተሽ ኖሮ ምናልባት እስካሁንም መልስ አልነበራቸውም።

ቀደም ሲል የተነበበው መረጃ ያለ አዲስ ደም እንደገና ሲታይ መልስ ካጡት ከመቶ አሥር ያህሉ አዲስ መልስ ያገኛሉ። ነገር ግን ማንም ደውሎ አያስታውስሽም። «መቼ እንደገና ይታያል? የሚጠይቀው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሁለት ዓመት ካለፈ ራስሽ ደውዪ። ልጁ ላይ አዲስ ምልክት ከታየ፣ መስማት ቢያቅተው ወይም እግሩ ቢከብደው፣ ጊዜውን ሳትጠብቂ አሳውቂ፤ ላቦራቶሪው የሚፈልገው በምልክቱ ተመርቶ ነውና። ቤት ብትቀይሪ፣ ስልክ ብትቀይሪ ለክሊኒኩ ንገሪ።

10. እርዳታውን ውጤት እስኪመጣ አታቆዪው።

በአሜሪካ ከሦስት ዓመት በታች ያለ፣ እድገቱ የዘገየ ልጅ የቅድመ ድጋፍ አገልግሎት የሚያገኝበት የፌዴራል ሕግ አለ፤ ግምገማው በነፃ ነው፣ የበሽታ ስምም አይጠየቅበትም። ሦስት ዓመት ከሞላው ጥያቄው የሚቀርበው ለመኖሪያ አካባቢሽ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። የንግግር ሕክምናው፣ የአካል እንቅስቃሴው፣ የአመጋገብ እርዳታው ለዘገየ ልጅ የሚሰጥ ነው፤ የዘገየው በየትኛው ጂን እንደሆነ እስኪታወቅ አይጠብቅም። «ውጤቱ ይምጣና» እያሉ ሁለት ዓመት ያስቆጠሩ ወላጆች አውቃለሁ፤ ያ ጊዜ ለአንጎል እድገት ወርቃማው ነበር። የሕፃናት ሐኪሙ ይላክልሽ፤ ካዘገየ ደግሞ ራስሽ መደወል ትችያለሽ፤ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ የደወልሽበትን ቀንና ያነጋገርሽውን ሰው ስም ጻፊ። የደም ናሙናው በሚወሰድበት ሳምንት ደውዪ።